የጤና ምክር ለሕዝብ እንዴት ይነገራል?

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የከተማ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሲጨርስ ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ይይዘዋል። ጧት ደባርቅ ላይ በጋቢ ተጀቡኖ የተሳፈረው ሰው ዛሪማ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል፤ ውሃም ይጠይቃል። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን በእነዚህ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መንገደኛው ከአንድ የበሽታ አገር ወጥቶ ወደ ሌላ የበሽታ አገር ገብቷል። በደጋው የሚያሠጋው ቅማል፣ ጭስ የማይወጣበት ቤትና የዐይን ማዝ ነው፤ በቆላው ደግሞ የወባ ትንኝ ነው።

አሁን አንድ የግድግዳ ወረቀት እናስብ። በትልልቅ ፊደል «በአጎበር ሥር ተኙ» የሚል ተጽፎበታል፤ ከሥሩም የትንኝ ሥዕል አለበት። ይህ ወረቀት በአዲ አርቃይ ቢለጠፍ ተገቢ ነው። ያው ወረቀት በደባርቅ ቢለጠፍ ግን አንባቢው ቆሞ አንብቦ «እኛ ዘንድ ወባ የለም» ብሎ ያልፋል፤ ደባርቅ ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር የማያንስ ብርዳም አገር ስለ ሆነች አልተሳሳተም። ነገር ግን ይኸው ሰው የአረምና የአጨዳ ወራት ሲደርስ ለቀን ሥራ ወደ ዛሪማ፣ ወይም ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። አጎበር አልያዘም፤ ወረቀቱ የሚናገረው ለእርሱ እንደ ሆነ አላወቀምና። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ሲይዘው «ብርድ መታኝ» ይላል፤ ቤተ ሰቡም በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ራሱን ሲስት ነው።

ወረቀቱ ሐሰት አልተናገረም። የጎደለው ለማን እንደሚናገር መለየቱ ብቻ ነው። በደባርቅ የሚለጠፈው ወረቀት እንዲህ ቢል ኖሮ ሌላ ነገር በሆነ ነበር፦ «ወደ ቆላ የምትወርድ ወንድሜ፤ አጎበር ይዘህ ውረድ። ከተመለስህ በኋላ ትኩሳት ቢይዝህ ፈጥነህ ሂድና ቆላ እንደ ነበርህ ለጤና ባለሙያው ንገረው።» እነዚህ ጥቂት ቃላት የአንድን ቤተ ሰብ አባወራ ሊያተርፉ ይችላሉ። ዛሬ ልንማር የተነሣነው ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እውነተኛ የሆነ የጤና ምክር እንዴት ተብሎ ቢነገር ከሰሚው ጆሮ አልፎ ወደ እጁ እንደሚደርስ ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታየን ያለፈውን ማስታወስ ይበጃል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። ይህ መቅሠፍት የከፋው ንዳድን በለመደው ቆላ ሳይሆን፣ ከፍታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር በሚደርስ አገር፣ ማለትም «ወባ እኛ ዘንድ አትደርስም» ይል በነበረው ሕዝብ መካከል ነበር። ከዚያ አስቀድሞም በደምቢያ የተነሣ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ሲሆን፣ ሦስቱም በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ተልከው ከማከም ጋር ማስተማርን እንዲሠሩ ነው። ስለዚህ የጤና ትምህርት በእኛ አውራጃ እንግዳ ነገር አይደለም።

በእኛም ዘመን ሥጋቱ አልቀረም። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 የሚበልጡ ሰዎችም ሞተዋል። ለዚህ ጦርነት፣ የአጎበርና የመድኃኒት መጓደል፣ የአየር ጠባይም ምክንያት እንደ ሆኑ አይካድም። ቃል ብቻውን ትንኝ አይገድልም። ነገር ግን አጎበሩ ተሰጥቶ ሳለ የእህል መሸፈኛ ሲሆን ያየ ሰው፣ ቃልም ጉድለት እንዳለበት ያውቃል።

ቃል ከመድኃኒት ጋር ሲገናኝ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በትግራይ ገጠር በ1989 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገውን ምርምር እንመልከት። ምርምሩ በ1992 ዓ.ም. ታትሞ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ 24 ጣቢያዎችን መረጡና በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። በአንደኛው ወገን ባሉት መንደሮች ከእናቶቹ መካከል አስተማሪ እናቶች ተመረጡ፤ እነዚህ እናቶች ሠልጥነው ለጎረቤቶቻቸው የወባን ምልክት በሕፃን ላይ እንዴት እንደሚለዩና የወባውን ክኒን ወዲያውኑ እንዴት እንደሚሰጡ አስተማሩ። በሌላው ወገን ያሉት እንደ ቀድሞው ኖሩ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተቈጠረ። እናቶች ባስተማሩበት ወገን ከ1,000 ሕፃናት ከአምስት ዓመት በታች ሳሉ የሞቱት 30 ያህል ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን ግን 50 ያህል ነበሩ። ስለዚህ ሞቱ በ100 እጅ 40 ያህል ቀንሷል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ፣ የአንዳንዶቹ ሕፃናት ሞት ምን እንደ ነበር ቤተ ሰቡ ተጠይቆ ሲመረመር፣ አስተማሪ እናቶች በነበሩበት ወገን ከ70 ሞቶች ወባን የሚመስሉት 13 ብቻ ነበሩ፤ በሌላው ወገን ከ120 ሞቶች 68ቱ ወባ የሚመስሉ ሆነው ተገኙ።

ይህን ቁጥር አንባቢያችን ቆም ብሎ ቢያስበው እንወዳለን። ያስተማረው ሐኪም አልነበረም፤ ንግግሩም በአዳራሽ አልተደረገም። ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግረው ነው። ያስተማረችው እናት የተማሪዋን ቤት ታውቃለች፤ ሕፃኑ ሲታመም እኩለ ሌሊት ደጇን ሊያንኳኩ ይችላሉ። ደግሞም ምክሩ «ተጠንቀቁ» የሚል ባዶ ቃል አልነበረም፤ ምልክቱን አሳይቶ የሚደረገውን ነገር በእጅ የሚሰጥ ነበር። ምክርና መድኃኒት በአንድ ቤት ሲገናኙ ውጤቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከል ግድ ይሆንብናል። በዚያ ጊዜ የተሰጠው ክሎሮኪን ነበር። ዛሬ በአገራችን ዋናው ገዳይ የወባ ዓይነት በክሎሮኪን አይታከምም፤ ሕክምናውም የሚሰጠው በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ደም ተመርምሮ ነው። ስለዚህ ከምርምሩ የምንወስደው ትምህርት ክኒን በቤት ማከማቸትን አይደለም፤ የእናትን አስተማሪነት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ተመደቡ፤ በብዛት የተመረጡትም ከዚያው አካባቢ ነበር። በተግባር ያየነው ግን አንዳንዱ ሠራተኛ ከሪፖርት ብዛት የተነሣ ቤት ለቤት መዞሩን ትቶ በወረቀት ላይ መቀመጡን ነው። ይህን የምንጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ የመዝገብ መሙላት ሥራ ሲበዛ የመጀመሪያው የሚቀረው ጭውውት ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማዳመጥ ነው። የተማረ ሰው ሕዝቡን ሲያስተምር «ይህ አጉል እምነት ነው» ለማለት ይቸኩላል። በብዙ የአገራችን ክፍል ሽማግሌዎች ወባን ከበቆሎ ጋር ያያይዙታል፤ እሸት በሚበላበትና አገዳ በሚመጠጥበት ወራት ንዳድ ይነሣልና «ከበቆሎው መጣ» ይላሉ። የጤና ሠራተኞችም ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ስቀዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ነገሩን መረመሩት። የወባ ትንኝ እጭ በሚያድግበት ኩሬ የበቆሎ አበባ ብናኝ ሲወድቅበት እጩ ያንን እየበላ ቶሎና ደኅና ሆኖ እንደሚያድግ ተገኘ። በጎጃም በቡሬ አካባቢም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የወባ ሕመም ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ታየ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ባያውቁትም ጊዜውንና ቦታውን በትክክል አይተው ነበር። ወባ በበቆሎ መብላት አይያዝም፤ ይህን ማስተማር ይገባል። ነገር ግን ትምህርቱ ከሽማግሌው ዕውቀት ቢነሣ ምን ያህል ይቀል ነበር! «አባቴ፤ ያዩት ልክ ነው። በቆሎው ሲያብብ ዱቄቱ ኩሬ ላይ ይወድቃል፤ ትንኟም በዚያ ትፋፋለች። ስለዚህ ከቤት አጠገብ ያለውን ኩሬ ብንደፍነው፣ በቆሎውንም ከቤት ራቅ አድርገን ብንዘራው ምን ይመስልዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ ያዳምጣል፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ ያስተምራል። «ይህ ተረት ነው» የተባለው ሽማግሌ ግን ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱም መቀበሉ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ነው። ሰው ቢያውቅ ይሠራል ብለን እናምናለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እጁን ከመጸዳጃ ቤት መልስ መታጠብ እንደሚገባው የማያውቅ ተማሪ በደባት፣ በደባርቅም ሆነ በአዲ አርቃይ ትምህርት ቤቶች ብንፈልግ በጭንቅ እናገኛለን፤ ቢጠየቅ አምስት ምክንያት ይዘረዝራል። በትምህርት ቤቱ መጸዳጃ አጠገብ ቆመን ስንቱ እንደሚታጠብ ብንቈጥር ግን እናፍራለን። ውሃ ከሌለ ደግሞ ተማሪውን መውቀስ በደል ይሆናል።

በሕንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ክፍል በ14 መንደሮች የተደረገውና በ2006 ዓ.ም. የታተመው ምርምር ይህን በሚገባ ያሳያል። አዘጋጆቹ ስለ ተህዋስያንና ስለ ተቅማጥ ማስተማሩን ትተው ሁለት ስሜቶችን ያዙ፤ አንዱ ቆሻሻን መጸየፍ፣ ሁለተኛው እናት ልጇን መልካም ጠባይ አስተምራ የማሳደግ ምኞቷ ነው። ይህንንም በተውኔት፣ በሥዕልና በመንደር ስብሰባ አሳዩ። ከስድስት ወር በኋላ ሰዎቹ በሚያስፈልግበት ጊዜ እጃቸውን በሳሙና ሲታጠቡ በዐይን ተቈጠረ፤ በተማሩት መንደሮች ከ100 ጊዜ 37 ጊዜ፣ ባልተማሩት ግን 6 ጊዜ ብቻ ሆነ። አስቀድሞ በሁለቱም ወገን ከ100 አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከማዕድ በፊት ውሃ በማስታጠቢያ የሚቀርበው ስለ ተህዋስያን ተብሎ አይደለም፤ ክብር ስለ ሆነ ነው። ያልታጠበ እጅ ወደ ሞሰብ ቢዘረጋ ሁሉም ይሳቀቃል። የጤና ትምህርታችን ይህን ነባር ጨዋነት ትቶ ስለ ጀርም በማይክሮስኮፕ ሲናገር የተዘጋጀለትን ኰርቻ ትቶ ባዶ ጀርባ ላይ እንደሚቀመጥ ፈረሰኛ ይሆናል። ጨዋነቱን ከማዕድ ወደ መጸዳጃ ቤት ደጃፍና ሕፃን ወደሚጠባበት ቦታ ማሸጋገር ይቻላል።

ሆኖም እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አንፈልግም። በዋግ ኽምራ በሰቆጣ አካባቢ በ40 የገጠር መንደሮች ሌላ ታላቅ ምርምር ተደርጎ በ2014 ዓ.ም. ታትሟል። ለግማሾቹ መንደሮች የውሃ ቦታ ተሠራላቸው፤ የመታጠቢያ ዕቃና ሳሙና ተሰጣቸው፤ በቤትና በትምህርት ቤት ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ተማሩ። የቀሩት መንደሮች ተራቸውን ጠበቁ። ዓላማው ዐይን የሚያሳውረውን የትራኮማ በሽታ መቀነስ ነበር። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ የሕፃናቱ ዐይን ሲመረመር በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም።

አማራ ክልል በትራኮማ ምን ያህል እንደ ተጐዳ ለሚያውቅ ይህ የሚያሳዝን ወሬ ነው፤ በ1990ዎቹ ማብቂያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ10 ዓመት በታች ካሉ የክልሉ ልጆች ከ100 ከ60 በላይ የሚሆኑት በሽታው ይታይባቸው ነበር። ታዲያ ፊት መታጠብ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ንጹሕ ፊት ዝንብን እንደ ቆሸሸ ፊት አይስብም፤ ንጽሕናም ከትራኮማ ሌላ ብዙ ጥቅም አለው። ከዚህ የምንማረው ግን በሽታው በጸናበት አገር ንጽሕናው ብቻውን፣ ያውም በሦስት ዓመት፣ እንደማይበቃ ነው። የትራኮማ መከላከያ አራት እግር አለው፦ የተቀለበሰውን የዐይን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ መድኃኒቱን ለሕዝቡ ሁሉ ማደል፣ ፊትን መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። ለእናት «ፊቱን እጠቢው፤ ዐይኑ ይድናል» ብለን ብንነግራትና ሳይድን ቢቀር፣ በሚቀጥለው ዓመት መድኃኒቱን ይዘን ስንመጣ አታምነንም። የማይፈጸም ተስፋ መስጠት ከዝምታ የከፋ ነው።

አራተኛው ነገር በተለይ መምህራንን ይመለከታል። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 የሚበልጡ ሕሙማን ተገኝተው ነበር። ሠራተኞቹ መንገድ በሌለበት አገር በሽታውን ፈልገው ማግኘት ነበረባቸው። ያገኙት ዘዴ በጣም ቀላል ነው፤ ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን ፎቶግራፍ የያዘች ትንሽ ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ ዞሩ። ንግግር አላበዙም። ካርዷን አሳይተው «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይታችኋል? የት?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዎች ከየአቅጣጫው ከሩቅ መንደር የሚመጡ ስለ ሆነ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የብዙ ቀበሌ ወሬ ይገኝ ነበር። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ምድር አልታየም።

አንድ ሥዕልና አንድ ጥያቄ ብቻ። ዛሬ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ምክር የታጨቀበት ወረቀት ስናይ ያቺን ካርድ እናስታውሳለን። (በነገራችን ላይ «ክትባት» እና «ክታብ» የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። አንገት ላይ ክታብ ያሰረች እናት ልጇን ለማስከተብ ስትመጣ የሚገሥጻት ሠራተኛ ይህን ቢያስብ ምናልባት ቃሉን ያለሰልስ ነበር፤ ሁለቱንም ያደረገችው ለልጇ ሠግታ ነውና።)

ስለ ሐሰተኛ ወሬም ጥቂት እንበል። የኮሮና በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚም ጭምር ዋጋቸው ናረ፤ «በሽታውን ያጠፋል» የሚል ወሬ ነበርና። ያን ጊዜ ስልክ ስንደውል ከመጥሪያው ድምፅ አስቀድሞ የጥንቃቄ ማስታወቂያ እንሰማ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አዳመጠው፤ ከጥቂት ወር በኋላ ግን ጆሮ ለምዶት እንደ ዝናብ ድምፅ ሆነ። መደጋገም ቃልን ያስታውሳል፤ ሳይለወጥ ሲደጋገም ግን ያደነዝዛል።

ወሬውን እንዴት እናፍርስ? በአሜሪካ በ1997 ዓ.ም. የታተመ ምርምር ሽማግሌዎች አንድን ነገር «ሐሰት ነው» ተብሎ ደጋግመው ቢነገራቸው ከሦስት ቀን በኋላ በስሕተት እንደ እውነት አድርገው ሊያስታውሱት እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ነገሩ ጆሮ ላይ ስለሚቀር፣ «ሐሰት» የሚለው ቃል ግን ስለሚረሳ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሌሎች ምርምሮች ጉዳቱ እንደ ተፈራው ብዙ ጊዜ እንደማይደርስ ቢያሳዩም፣ ዘዴው የሚጠቅም ነው፦ እውነቱን አስቀድሞ መናገር፤ ወሬውን አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት፤ ለምን ሐሰት እንደ ሆነ መግለጽ፤ በእውነቱ መጨረስ። የወሬውን ቃል በትልቅ ፊደል ጽፎ በቀይ መስመር መሰረዝ ግን ለወሬው ማስታወቂያ መሥራት ነው።

ታሪክ መንገርም ራሱን የቻለ ኃይል አለው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ 257 ክፍል ነበረው፤ ስለ ቤተ ሰብ ምጣኔና ስለ ኤድስ ያስተምር ነበር። እንዲህ ባለው ድራማ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይቀርባሉ፤ መልካሙን የሚሠራ፣ ክፉውን የሚሠራ፣ በሁለቱ መካከል የሚያመነታ። ሰሚው ይበልጥ የሚማረው ከሚያመነታው ነው፤ ራሱን የሚያየው በእርሱ ውስጥ ነውና። መምህራን በትምህርት ቤት ለሚያዘጋጁት ጭውውት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ከመጀመሪያው ፍጹም የሆነ ተማሪ በመድረክ ላይ ማንንም አያስተምርም፤ ያሰለቻል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ምክሩ እንደ ደረሰ በምን እናውቃለን? ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ ጤና ኬላ ደጃፍ ያየውን ይናገር። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን በተቅማጥ ደክሞ ይዘውት መጡ። ሠራተኛይቱ የሚበጠበጠውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ሰጥታ አጠቃቀሙን በሚገባ አስረዳቻቸው፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዲበጠበጥ፣ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጥ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው እንዲደፋ ነገረቻቸው።

«እማማ፤ ገባዎት?»

«አዎን ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሊሄዱ ሲሉ አብራ የነበረች ሌላ ሠራተኛ ጠራቻቸው። «እማማ፤ እኔ ደኅና አስረድቻለሁ አላስረዳሁም እንደ ሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚያደርጉት እስቲ ያሳዩኝ» አለቻቸው። አያቲቱም የከረጢቱን ጫፍ ቀደድ አድርገው፣ «በሲኒ ውሃ አድርጌ ይህችን እቆነጥርበታለሁ፤ ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ» አሉ። ሊትር የሚባለውን ቃል ከቶ አያውቁትም ነበር፤ ጠይቀው ማወቅም አፍረዋል። እንዲያ ቢያደርጉት ውሃው የሚያስፈልገውን ያህል ሳይሆን፣ ዱቄቱም ያለ መጠን ሆኖ ሕፃኑን በጐዳው ነበር። ሠራተኛይቱ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አምጥታ «እስከ አንገቱ በዚህ ሙሉ» ብላ አሳየቻቸው፤ በእጃቸውም አስበጠበጠቻቸው። አያቲቱ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።

«ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን «አዎን» ከሚል በቀር ሌላ መልስ የለውም፤ ለታላቅም ለባለሙያም «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራልና። «እኔ ደኅና አስረድቼ እንደ ሆነ ልወቅ» ሲባል ግን ጥፋቱ ወደ አስተማሪው ስለሚዞር ሰሚው ሳያፍር ያሳያል። ይህ ዘዴ በብዙ አገር ሐኪም ቤቶች የሚሠራበት ነው፤ ወጪ የለውም፤ የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ ቃል ምርጫም ይኸው ታሪክ በቂ ነው። ሊትር፣ ሚሊ ሊትር፣ ተህዋስያን፣ መተላለፊያ መንገዶች የሚሉት ቃላት ለእኛ ለጸሐፊዎቹ ይቀሉናል። «አተት» የሚለው ምሕጻረ ቃል ከእነዚህ የተሻለ ነው፤ ሲፈታ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ስለ ሆነ ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል። በአዲ አርቃይ ገበያ ደግሞ አማርኛም ትግርኛም ይሰማል፤ ምክር ነጋሪው ሁለቱንም ባይችል እንኳ ከጎኑ የሚችል ተማሪ አይጠፋም።

እንግዲህ መምህራን በዚህ ወር የሚከተለውን እንድትሞክሩ እንጠይቃለን። ከክፍላችሁ ጋር ሆናችሁ ለቀበሌያችሁ የሚስማማ አንድ ምክር ብቻ ምረጡ፤ ደጋ ከሆናችሁ የደጋውን፣ ቆላ ከሆናችሁ የቆላውን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ተማሪዎቹ ወደ ቤት ወስደው ለእናታቸው ወይም ለአያታቸው ይንገሩ፤ በማግሥቱም «ምን አልኋት?» የሚለውን ሳይሆን «እናቴ መልሳ እንዴት ተናገረችው?» የሚለውን በደብተራቸው ጽፈው ይምጡ። ከአርባ ተማሪ አሥሩ የተለያየ ነገር ይዘው ቢመጡ ጉድለቱ የእናቶቹ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ይለወጥ። እናቶቹ የተናገሩበትን ቃል አስገቡበትና እንደ ገና ላኩት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተማሪዎቹ የሰሙትን ትተው ያዩትን ይቍጠሩ፦ አጎበሩ ተሰቅሏል ወይስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል? ከመጸዳጃው አጠገብ ውሃ ያለበት ጀሪካን አለ ወይስ የለም? የቤቱ ባለቤት ስም አይጻፍ፤ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር፣ ከቁጥሩ ጋር፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በአካባቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ስጡ። የሚቀጥለው የግድግዳ ወረቀት ሲታተም ከዚያ ይወሰዳል።